የውሃ ፍተሻ ትምህርት እንዴት እንደጀመርኩ

ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጬ፣ የሰው ልጅ መሪ ሲጨብጥ እንዴት እንደሚያልበው አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ የምታወቀው ግን በአንድ ነገር ነበር፤ በእነዚህ ዓመታት የማስተምርባትን መኪና አንድ ጭረት ነክቷት አያውቅም። ሰው ይህን እንዳይረሳው ራሴው እየዞርኩ አስታውስ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ አደነቁኝ፣ ቀጥሎ ሰለቹኝ፣ በመጨረሻ «ጭረት የለሽ» የሚል ስም አወጡልኝ። እኔ ሞኙ ሽሙጥ መሆኑ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያ ስም ስጠራ ደረቴን ነፍቼ «አቤት» እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ በመኪና ወጣሁ። ቅዳሜና እሑድ መኪናዋን ቤቴ ነው የማሳድራት፤ እትዬ የምንላቸው የትምህርት ቤቱ ባለቤት «አንተ ጋ ካደረች እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል» ብለው ፈቅደውልኛል። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ጎልማሳ መኪናውን ሊያቆም ይታገላል። ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማው ወደ ግራ ይዞራል፣ እሱ ወደ ቀኝ ያያል። ደሜ ፈላ። ማን ጠራህ በሉኝ! መስኮቴን አውርጄ «ወንድሜ፣ መስታወቱ የተሰቀለልህ ፀጉር ልታበጥርበት ነው እንዴ? እይበት እንጂ!» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። እኔም መኪና እንዴት እንደሚቆም ላሳየው ብዬ፣ ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል፣ መሪውን በአንድ እጄ ጠምዝዤ ወደ ጥጉ ሰተት ብዬ ገባሁ።

ገጭ፣ ቀጥሎም ቋቋቋ አለ።

ጥጉ ላይ ከጉልበት በታች የሆነ የብረት ጉቶ አለ። ድሮ ሰንሰለት ይታሰርበት የነበረ፣ እኔም ዳቦ ልገዛ በመጣሁ ቁጥር የማየው ጉቶ ነው። የመኪናዬ አፍንጫ እላዩ ላይ ወጥቷል። ያ ጎልማሳ በዚህ መሃል መኪናውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ወርዶ መጣና «ጋሼ፣ ተረፉ?» አለኝ። ምናለ ቢሰድበኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ዳቦውንም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የፊቱ ፓራውልት ከሥር ተፍቆ ነጭ መስመር አውጥቷል፤ መሃሉ ደግሞ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በረንዳው ላይ አቀርቅራ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። እሷ ቀና ሳትል ጥቁር የጫማ ቀለም ይዤ ወጣሁና ፓራውልቱን ቀባሁት። በብሩሽ ወለወልኩት። ሃያ እርምጃ ርቄ ሳየው አዲስ ይመስላል። «ወይ አንተ ሰው! አንተን የወለደች እናት አትቸገርም» ብዬ ራሴን መረቅኩት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ቁርሴን በላሁ፤ ያለ ዳቦ።

ሰኞ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር መሬቱ ረጥቦ አገኘሁት። «የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ነው» አልኩ። መኪናዋ የአየር ማቀዝቀዣ ኖሯት አያውቅም። ኮፈኑን ከፍቼ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ጉቶው ወደ ውስጥ የገፋው ብረት ራዲያተሩን ከታች በኩል ወግቶት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሰፈራችን ውስጥ ራዲያተር የሚበይድ ሰው አለ፤ ሁላችንም ዶክተር ነው የምንለው። ወሰድኩለት። ጣቱን ከሥር ሰዶ ዳሰሰና «ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ ይበየዳል። ሁለት ቀን ይተኛል» አለኝ።

«ሳይተኛ አይሆንም?»

«ቆሞ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ታውቃለህ?» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ሁለት ቀን መኪና ማቆም ማለት ለእትዬ ምክንያቱን መንገር ማለት ነው። የትምህርት ቤታችን ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ መኪና የገጨ አስተማሪ ከመኪና ይወርድና አንድ ወር ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት ያስተምራል። እሱስ ባልከፋ። ያቃተኝ «ጭረት የለሽ ገጨ!» እየተባለ ከቢሮ እስከ በር ሲወራ መስማቱ ነው። ስለዚህ በጤነኛ አእምሮዬ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ወሰንኩ። የያዝኳቸው ተማሪዎች እስኪፈተኑ ሦስት ሳምንት ነው፤ ሦስት ሳምንት ውሃ እየጨመርኩ እቆያለሁ፣ ከዚያ «እርጅና ነው» ብዬ አስጠግናታለሁ።

ግን በየሩብ ሰዓቱ ኮፈን ከፍቶ ውሃ የሚቀዳ አስተማሪ ምን ይባላል? ተማሪ ዓይን አለው። እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሠራው፤ ምነው በሰነፈልኝ። የዚያን ቀን የመጀመሪያ ተማሪዬ መሪውን ከመያዟ በፊት ጉሮሮዬን ጠርጌ «ዛሬ አዲስ ትምህርት እንጀምራለን። የውሃ ፍተሻ ይባላል» አልኳት።

ይህች ተማሪ ሲስተር ናት። ከከተማው ዳር ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነች፤ አርባን ተሻግራለች፤ የተነገራትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ቁጥር እየሰጠች የምትጽፍ ሴት። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቱንም ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶባት ነው። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ደግሞ ፋይሉ ይዘጋና ስድስት ወር ጠብቆ እንደገና ከሀ ሁ ይጀምራል። ጤና ጣቢያዋ አንዲት ትንሽ መኪና ደርሳዋለች፤ ሹፌር ግን አልደረሰውም። የጣቢያው ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «እስከ ወሩ መጨረሻ ከመሃላችን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ካልተገኘ መኪናዋ ሹፌር ላለው ጣቢያ ትሰጣለች» አላቸው። እጇን ያወጣችው ሲስተር ብቻ ነች።

«መምህር፣ እናቶች የሚመጡልኝ በጋሪ ነው» ብላኛለች አንድ ቀን። «አንዳንዷ ጋሪው ላይ ትወልዳለች። አንዳንዷ ደግሞ አትደርስልኝም።» ይህን ስትለኝ መሪውን እንጂ እኔን አላየችም።

እንግዲህ ለዚህች ሴት ነው ያንን ትምህርት ያስተማርኩት። የመጀመሪያ ቀን ለወጉ ያህል «ሞተር ሲግል የራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ ቀዝቀዝ ይበል» ብዬ ቆመን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ግን መጠበቁ የትምህርት ሰዓት በላብኝ። በጨርቅ ይዤ ብከፍተው ክዳኑ ምንም ሳይል እጄ ላይ ወጣ። «አየሽ? ጠምዘዝ፣ ጨመር፣ ዝግት!» አልኳት። ጻፈችው። መኪናዋ የምትግለው ዳገት ላይ ስለሆነ ከዳገት ሥር ሳንቆም አናልፍም ነበር፤ ለዚህም መፈክር አወጣሁለት። «ከዳገት በፊት?» እላለሁ። «ውሃ!» ይላሉ ተማሪዎቼ። የሚገርመው ሲስተርን ጠቀማት። ወርዳ ውሃውን አይታ ስትመለስ ልቧ ረግቶ፣ ዳገቱን ሞተር ሳታጠፋ ትወጣዋለች። «መምህር፣ እስከዛሬ የጎደለኝ ይኼ ነበር እኮ!» አለችኝ። እኔም «ልምድ ነው» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ወሬው እትዬ ጆሮ ደረሰ። እትዬም ደስ አላቸውና በራችን ላይ ባለው ሰሌዳ «ልዩ የውሃ ፍተሻ ሥልጠና እንሰጣለን» ብለው አስጻፉ። ባልደረቦቼ እየተነጫነጩም ቢሆን ተከተሉ። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል፤ ስድስት ጤነኛ መኪናና አንድ በሽተኛ። እነሱ የሚያዩት ሞተር ሳይነሳ ነው፤ በየዳገቱ ሥር በጋለ ሞተር የምቆመው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ባለቤቴ በየጠዋቱ ስምንት ጠርሙስ ውሃ ተሸክሜ ስወጣ ሦስት ቀን በዓይኗ ሸኘችኝ። በአራተኛው ቀን «ማታ ማታ ስንት ጊዜ ነው ለሽንት የምትነሳው?» አለች።

«ምን አገናኘው?»

«የአጎቴም ስኳር እንዲህ በውሃ ጥም ነው የጀመረው» አለችና ከፊቴ ያለውን የሻይ ስኳር አነሳችው። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ያለ ስኳር ሻይ ጠጣሁ። ውሸትና ስንቅ እያደረ ይቀላል ይባላል፤ የኔው ውሸት ግን በየቀኑ ስምንት ጠርሙስ ይመዝን ነበር። እሷ ደግሞ ስፌቷን እያቋረጠች ግንባሬን በእጇ ትለካለች።

የፈተናው ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ፈተናው የሚሰጠው በፈተና ጣቢያው መኪና ነው። ተፈታኙ ብቻውን ሜዳው ላይ ይነዳል፤ ፈታኙ ዳስ ሥር ቆሞ ይመዘግባል፤ እኛ አስተማሪዎች ከገመድ ወዲህ እንቆማለን። ሕጉን ልጅም ያውቀዋል፤ አስተማሪ ገመዱን ካለፈ የተማሪው ፈተና ይሰረዛል።

ሲስተር ሰባተኛ ነበረች። መኪናዋ ከጠዋት ጀምራ ስትዞር ውላ ግላለች። ሲስተር በምሰሶዎቹ መሃል ወደ ኋላ ሄደች፣ አንዱንም አልነካች። ጠባቡ ቦታ ላይ አቆመች፣ ልክክ አለች። እትዬ ከጎኔ ቆመው ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳርፈው «ያንተ ሥራ ናት» አሉኝ። ይበሉኝ እንጂ፣ ሦስት ሳምንት የጠበቅኩት ለዚህ አይደል! የቀራት ዳገቱ ብቻ ነው። ዳገቱ ሥር ደረሰች፣ ቆመች፣ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

«ምን ሆነች?» አሉ እትዬ።

እኔ ምን እንደሆነች አውቄያለሁ። ከዳገት በፊት ውሃ። ኮፈኑን ከፍታ በብረቱ ደገፈችው፤ ከኪሷ ጨርቅ አወጣች።

እዚህ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የማውቀውን፣ ለሦስት ሳምንት ግን ላለማወቅ የመረጥኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጤነኛ ራዲያተር ሲግል ውሃው ውስጡ ታፍኖ ነው የሚፈላው። ያን ጊዜ ክዳኑን የነካ ሰው የፈላው ውሃ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል፤ ዓይኑ የጠፋ ሰው አውቃለሁ። የኔዋ መኪና ክዳን ዝም የሚለው ከሥር ስለተበሳች፣ ትንፋሿ በቀዳዳው ስለሚወጣ ነበር። ሲስተር በበሽተኛ መኪና ተምራ አሁን ጤነኛዋ ላይ ፊቷን ደፍታለች።

ወዲያው ሮጥኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሮጥኩም። ገመዱን አየሁ። ካለፍኩት ፈተናዋ ይሰረዛል፤ ከዚያ ደግሞ «ለምን አለፍክ?» ይሉኛል፤ መልሱ ደግሞ ከጉቶው ይጀምራል። ለሁለት ለሦስት ቅጽበት ያህል ከዚያች ሴት ፊት የኔ ስም በለጠብኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ሲስተር! ተዪው!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ የማበረታታት መስሏት አውራ ጣቷን አሳየችኝና ክዳኑን ጨበጠች።

ከዚያ በኋላ ገመዱን እንዴት እንዳለፍኩት እንጃ። ሆዴ ቀድሞኝ፣ አንድ ጫማዬ ከኋላ ቀርቶ በረርኩ። ስደርስ ክዳኑ ግማሽ ዞሮ መፉጨት ጀምሯል። በቀኝ እጄ እሷን ገፍትሬ በግራዬ ክዳኑን ልጫነው ስል ተፈናጥሮ ወጣ። እንፋሎቱ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ የፈላው ውሃ የግራ እጄን አንጓ አገኘው። ያ ሁሉ የፈተና ጣቢያ እየሰማ እናቴን ጠራኋት።

ሲስተር ከወደቀችበት ተነስታ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ጥበቃው ቤት ቧንቧ ጎተተችኝ። ጥበቃው «የጥርስ ሳሙና ልቀባው» ሲል «ዞር በል!» አለችው። እጄን ከሚወርደው ውሃ ሥር አስገብታ «ሃያ ደቂቃ። እንዳያወጡት» አለችኝ። ስለዚህ ፈታኙ፣ እትዬና ባልደረቦቼ ተንጋግተው ሲመጡ መሸሻ አልነበረኝም። አንድ እግሬ በካልሲ፣ አንድ እጄ ቧንቧ ሥር ሆኜ ጠበቅኳቸው።

«ገመዱን አልፈሃል» አለኝ ፈታኙ።

«አልፌያለሁ።»

ወደ ሲስተር ዞረ። «አንቺስ? ፈተና መሃል ሞተር አጥፍቶ መውረድ የማን ትምህርት ነው?»

«የተማርኩት ነው» አለች ሲስተር ኮራ ብላ። «ከዳገት በፊት ውሃ ይታያል። አልተሳሳትኩም እኮ። መምህር፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

«ልዩ ሥልጠናችን ነው» ብለው እትዬ ጨመሩበት።

ሁሉም እኔን አዩኝ። በዚያች ሰዓት ሲስተር ለእኔ ስትሟገት ማየቱ ከቃጠሎው ይልቅ አንገበገበኝ። «የውሃ ፍተሻ የሚባል ትምህርት የለም» አልኩ። ከዚያ ዘረገፍኩት፤ ጎልማሳውን፣ ጉቶውን፣ ጠብታውን፣ ዶክተርን፣ ጠርሙሶቹን። የጫማ ቀለሙ ላይ ስደርስ ከባልደረቦቼ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እትዬ አልሳቁም። ነጠላ ጫማቸውን ብቻ እያዩ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ፈታኙ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሰረዘ። «አልወደቀችም፤ ፈተናዋ ተሰርዟል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ግን ከአምስት ሳምንት በፊት ቀጠሮ የለኝም» አለ። ወሩ ሊያልቅ የቀሩት ዘጠኝ ቀናት ነበሩ።

ሲስተር ፈታኙን ትታ ወደ እጄ ዞረች። ሰዓቷን እያየች ሃያ ደቂቃው እስኪሞላ ጠበቀች፤ ከቦርሳዋ ንጹሕ ፋሻ አውጥታ እጄን ጠቀለለችው። ጫፉን አስራ ስትጨርስ ነው የተናገረችው።

«መምህር፣ አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት፣ እኔ ስሜ እንዳይነሳ ብዬ ውሃ እያጠጣሁ ዝም ብል ምን ይሉኛል?»

«ነፍሰ ገዳይ» አልኩ።

«እኔም እንደዚያ ነው የምለው» አለችና ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

እትዬ «እጅህ እስኪድን፣ አፍህም እስኪድን» ብለው ለሁለት ወር ከመኪናም ከክፍልም አገዱኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ «ስኳር የለብህም ማለት ነው?» አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሻይ አፍልታ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? አንተ ደግሞ የመኪና በሽታ ደብቀህ ሰው ልታጠፋ! አሁን ያቺ የጤና ጣቢያ መኪና ብትሄድ፣ ጋሪ ላይ የምታምጠውን ሴትዮ ማን ነው ይቅርታ የሚላት?»

«ምን ላድርግ?»

«እነሱ የፈለጉት መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አይደለም እንዴ? ኪስህ ውስጥ ያለው የምን ወረቀት ነው?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ፈቃድ እንዲያገኝ ስሠራ፣ እኔም አንድ እንዳለኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በማግስቱ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፊት ቀረብኩ። «የምንከፍለው የለንም» አለኝ። «የጠየቀ የለም፤ ሲስተር እስክታልፍ ብቻ መዝግቡኝ» አልኩት። መኪናዋ ቀረች። ሲስተር ግቢው ውስጥ ቁልፍ ይዤ ስታገኘኝ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ራዲያተሯን አይተዋል?»

«ደህና ናት።»

«እኔም ልይ» አለችና በራሷ ዓይን አይታ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በመዳፏ አረጋግጣ፣ ክዳኑንም ከፍታ ዘጋች። ልትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልቀለደችም።

ለሦስት ሳምንት «በግራ»፣ «በቀኝ» እና «ይፍጠኑ» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰችልኝም። እኔም አላባበልኳትም፤ የሚገባኝን ነው የሰጠችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ከጡብ ፋብሪካው ወዲያ ካለ ሰፈር አንዲት ምጥ የያዛት ልጅ እግር አሳፍረን ስንመለስ፣ ከኋላ «ያቁሙ!» አለች። አቆምኩ። «ይውረዱ፤ ጀርባዎን ሰጥተው በሩን ይያዙ፣ ንፋስ እንዳይገባብኝ» አለችኝ። ወርጄ በሩን ያዝኩ። የልጅቷን ጩኸት ሰማሁ፤ የሲስተርን «አይዞሽ የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ» ሰማሁ፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ለአምላኬ ያልተሳልኩት ነገር የለም። ሕፃኑ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ጀርባዬን ስለሰጠሁ ማንም የሚያየኝ አልመሰለኝም። ሲስተር ግን ወደ ጣቢያው ከተመለስን በኋላ እጇን እየታጠበች «ወንድ ልጅ አያለቅስም ያለው ማነው? እርስዎ ከእናቲቱ በላይ አልቅሰዋል» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የመጣ ረጅም ወሬ ነበርና እስከ ማታ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አምስተኛው ሳምንት ደረሰ። ወደ ፈተና ጣቢያው በር እንኳ እንዳልጠጋ ተከልክዬ ስለነበር፣ የጤና ጣቢያዋን መኪና መንገዱ ዳር አቁሜ ጠበቅኳት። መሪውን ስይዝ ስለቅ አንድ ሰዓት ሞላ። በመሃሉ ከጤና ጣቢያው ተደወለልኝ፤ ከኮረብታው ሰፈር አንዲት ሴት ምጥ ይዟት እየጠበቀች ነው። ስልኩን ስዘጋ ሲስተር ከበሩ ወጣች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም፤ ደስታ ይሁን ሐዘን መለየት አልቻልኩም። መጥታ በሹፌሩ በር በኩል ቆመች።

«ኮረብታው ሰፈር ምጥ አለ» አልኳት፤ ምን እንደሆነች መጠየቁን ፈርቼ ነው።

«ሰምቻለሁ፤ ለኔም ደውለዋል። ይውረዱ» አለችና እጇን ዘረጋች።

«አለፍሽ?»

«መምህር፣ ቁልፉን ይስጡኝ! ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው እኮ!»

ቁልፉን ሰጥቼ ዞሬ ከጎን ገባሁ። አስነሳች። ከተማውን አልፈን ኮረብታው መንገድ ላይ ስንወጣ፣ ዳገቱ ከፊታችን እንደ ግድግዳ ቆመ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ድንጋይ የጫነ ጋሪ ይንፏቀቃል። ቆመች። እጅ ፍሬን ያዘች። ጋሪው እስኪያልፍ ስትጠብቅ የኔ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል፤ በማስተማሪያ መኪና ከአስተማሪው እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ እዚህ ግን ባዶ ምንጣፍ ነው። ጋሪው አለፈ። ሞተሩ ከፍ አለ፣ መኪናዋ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ እኔ በሁለት እግሬ ረገጥኩ። ወደ ኋላ ስንዝር ሳትንሸራተት ተነስታ ወጣች።

«ምን ይረግጣሉ?» አለች ሲስተር፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

«ፍሬን።»

«እርስዎ ጋ ፍሬን የለም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እግርዎን ይሰብስቡ፤ የምነዳው እኔ ነኝ» አለች።

ሰበሰብኩ።